ከጅዳ ወደብ እስከ ጥቁር ሰሌዳ



ከአገሩ የወጣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀርብለት ጥያቄ «ከየት ነህ?» የሚል ነው። የአየር ማረፊያ ፖሊስ ይጠይቀዋል፤ አሠሪ ይጠይቀዋል፤ መስጊድ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ የሰገደ የማያውቀው ወንድምም ይጠይቀዋል። መልሱ አንድ ቃል ይመስላል። ይሁን እንጂ ከዚያ አንድ ቃል በስተጀርባ ያለውን ዘመንና ሕዝብ የሚያውቅ ሰው የሚሰጠው መልስ ከማያውቀው ሰው መልስ ጋር ፈጽሞ አንድ አይሆንም።

እኔ ዛሬ ወሎ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር ነኝ። ወደዚህ ሙያ ያደረሰኝ መንገድ ግን በጅዳና በካይሮ በኩል ያለፈ ነው። በዚህ ጽሑፍ ስለነዚያ ቦታዎች፣ እንዲሁም ቦታዎቹ ስለሰጡኝ ሥራ ላወጋችሁ እወዳለሁ። ዓመታቱ ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሮጌዋ ጅዳ

የ12ኛ ክፍል ትምህርቴን ጨርሼ በ2005 ለሥራ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ሄድኩ። ያረፍኩት በጅዳ ነው። አል-በለድ በሚባለው አሮጌው የከተማዋ ክፍል፣ በአንድ የቅመማ ቅመም መጋዘን ውስጥ መጀመሪያ በተሸካሚነት፣ ዐረብኛውን ከለመድኩና መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ በኋላ ደግሞ በሾፌርነት ሠራሁ።

አል-በለድ ሰው እየተራመደ የሚያነበው መጽሐፍ ነው ማለት ይቻላል። ቤቶቹ ከባሕር በወጣ የዛጎል ድንጋይ የተሠሩ፣ ሦስትና አራት ፎቅ ያላቸው ናቸው። ከግድግዳቸው ወደ ውጭ ወጣ ብለው የተሠሩት የእንጨት መስኮቶች «ረዋሺን» ይባላሉ። ነፋሱን ያስገባሉ፤ ውስጥ ያለውን ሰው ግን ከመንገደኛ ዓይን ይጋርዳሉ። ከተማዋን ይከባት የነበረው ግንብ በ1947 ቢፈርስም ሕዝቡ እስከ ዛሬ ሰፈሩን የሚጠራው በበሮቹ ስም ነው። ከባብ መካ አጠገብ ያለውን ገበያ የሚያውቅ ወገን ከአንባብያን መካከል እንደማይጠፋ አልጠራጠርም።

ከነዚህ ቤቶች ሁሉ ስመ ጥር የሆነው ግንባታው በ1881 የተጠናቀቀው የነሲፍ ቤት ነው። ንጉሥ ዐብዱል ዐዚዝ በ1925 ጅዳን ሲይዙ ያረፉት በዚሁ ቤት ነበር። ከደጁ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። የቤቱ ባለቤት የነበሩት ሼኽ ሙሐመድ ነሲፍ መጻሕፍት በመሰብሰብ የታወቁ ሰው ነበሩ፤ ያ ሁሉ ኪታብም በኋላ ለዩኒቨርሲቲ ተሰጥቷል። አሮጌዋ ጅዳ በ2014 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። እኔ ጆንያ ተሸክሜ በእነዚያ ጠባብ መንገዶች ስመላለስ ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። የነገሩኝ የመጋዘኑ ጎረቤት የነበሩ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ናቸው።

ሽማግሌው ከዐስር ሰላት በኋላ በሱቃቸው ደጃፍ ወንበር ላይ ይቀመጡና ያገኙትን መንገደኛ ሁሉ ይጠይቃሉ። እኔንም አንድ ቀን ጠርተው፣ «ያ ወለዲ፣ ከነጃሺ አገር ነህ አሉ። እስቲ ስለዚያ ንጉሥ ንገረኝ» አሉኝ። ከአያቴ የሰማሁትን አወጋኋቸው። ደስ አላቸው። ከዚያ ግን ጥያቄው ቀጠለ። ከነጃሺ በኋላስ ምን ሆነ? ሙስሊም ነገሥታት ነበሯችሁ? ዑለማዎቻችሁ የት ተማሩ? የማውቀውን መለስኩ፤ የቀረውን ጥያቄ ደግሞ ይዤው ሄድኩ። ሲሰናበቱኝ እንዲህ አሉኝ፦ «ጅዳ የመካ ወደብ የሆነችው ኋላ፣ በዑስማን ዘመን ነው። ያንተ አገር መንገድ የተጀመረው በሹዐይባ ነው። ሂድና ተመልከት።»

ሹዐይባ፦ ግማሽ ዲናር የተከፈለበት ባሕር

ሹዐይባ ከጅዳ በስተደቡብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የቀይ ባሕር ዳርቻ ናት። በአንድ ጁምዓ ዕለት ከሰላት በኋላ ሦስት ያገሬን ልጆች ይዤ ሄድኩ። ሜዳው አሸዋ ነው፤ ጥላ የሚሆን ዛፍ የለም። ውኃው ከዳር ላይ ስስና አረንጓዴ ሆኖ ራቅ ሲል ድንገት ይጠቁራል። በአንድ ወገን የኤሌክትሪክ ማመንጫውና የባሕር ውኃ ማጣሪያው ረጃጅም ጭስ ማውጫዎች ቆመዋል። በሌላው ወገን ቤተሰቦች ምንጣፍ አንጥፈው ሻይ ያፈላሉ፤ ልጆች ውኃ ይራጫሉ። ይህ ቦታ ምን እንደሆነ የሚናገር ምልክት በዚያ ዕለት ዓይኔ አላየም።

የታሪክ ጸሐፊዎች እንደዘገቡት ከነቢይነት 5ኛው ዓመት በረጀብ ወር፣ ማለትም በ615 ገደማ፣ ከመካ በደል የሸሹ ጥቂት ሙስሊሞች ወደዚህ ዳርቻ መጡ። አሥራ አንድ ወንዶችና አራት ሴቶች ነበሩ። ከመካከላቸውም ዑስማን ኢብን ዐፋን (ረ.ዐ.) ከባለቤታቸው ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ ከሩቅያ (ረ.ዐ.) ጋር ይገኙበታል። ሁለት የነጋዴ ጀልባዎች አገኙና በግማሽ ዲናር ተሳፍረው ተሻገሩ። የቁረይሽ አሳዳጆች ባሕሩ ዳር ሲደርሱ ጀልባዎቹ ሄደው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሁለተኛው ጉዞ ከሰማንያ የሚበልጡ ሰዎችን አመጣ። ቁረይሾች ስጦታ አስይዘው ዐምር ኢብኑል ዓስንና ባልደረባውን ላኩ። ንጉሡ ግን ስደተኞቹን አስጠርተው ሳይጠይቁ አሳልፈው ለመስጠት አልፈቀዱም። በዚህ ጊዜ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ.) ተነሥተው ማን እንደነበሩ፣ ምን እንዳገኙና ለምን እንደተሰደዱ በቅደም ተከተል አስረዱ። ከሱረቱ መርየምም አነበቡ። የዚያ ሁሉ ሕዝብ ሕይወት የዳነው በአላህ ፈቃድ፣ አንድ ስደተኛ ሲጠየቅ የሚመልሰው ስለነበረው ነው።

በሹዐይባ አሸዋ ላይ ቆሜ ይህን ለጓደኞቼ ሳወጋ አንደኛው ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ ዝም አለ። እሱ በጂቡቲ በኩል በጀልባ ወደ የመን ተሻግሮ፣ ከዚያም በእግሩ የመጣ ልጅ ነው። ለደላላ የከፈለውን ገንዘብ አስቦ፣ «እነሱ ግማሽ ዲናር!» አለና ሳቀ። ሳቁ ግን ብዙም አልቆየም። ባሕሩ ያው ባሕር ነው። ከ1400 ዓመታት በፊት መጠጊያ የሚፈልግ ሰው ወደኛ ይሻገርበት ነበር፤ ዛሬ እኛ እንጀራ ፍለጋ ወደዚያ እንሻገርበታለን። ይህን የሚያስረዳ ሰው ለወጣቶቻችን ያስፈልጋል የሚል ሐሳብ ያደረብኝ በዚያ ዕለት ነው።

ካይሮ፦ የጀበርቲዎች ሪዋቅ

በ2010 ለዕረፍት ወደ አገሬ ስመጣ በካይሮ በኩል አለፍኩ። አንድ አብሮ አደጌ በአል-አዝሀር ይማር ነበርና ለሁለት ሳምንት ከእሱ ዘንድ አረፍኩ። በ10ኛው መቶ ዓመት የተሠራውን የአል-አዝሀር መስጊድ ያሳየኝም እሱ ነው።

ግቢው ነጭ እብነ በረድ ነው። በዙሪያው ባሉት ዓምዶች ሥር ጥንት ተማሪዎች በየአገራቸው ተከፋፍለው ይኖሩና ይማሩ ነበር። የየአገሩ ማረፊያ «ሪዋቅ» ይባላል። የሶርያዎች ሪዋቅ፣ የማግሪቦች ሪዋቅ፣ የቱርኮች ሪዋቅ እንደነበረ ሁሉ የኛም ሰዎች «ሪዋቁል ጀበርቲያ» ነበራቸው። ጀበርት የሚለው ስም መጀመሪያ በዘይላና በኢፋት አቅጣጫ ያለን አገር የሚያመለክት ሆኖ በኋላ የሐበሻን ሙስሊሞች በጠቅላላ መጠሪያ ሆነ። ጓደኛዬ ዓምዶቹን እያሳየ፣ «ከኛ በፊት የመጡት በእግርና በግመል፣ ከዚያም በመርከብ ነው የደረሱት። እኔ በአውሮፕላን በጥቂት ሰዓት ደርሼ ናፍቆት ገደለኝ እላለሁ» አለኝ።

የሽማግሌውን ነጋዴ ጥያቄዎች ያነሳሁለት በዚያን ጊዜ ነው። ወደ መጻሕፍት ሱቅ ወሰደኝና ሦስት ስሞች ነገረኝ። እነዚህ ሦስት ስሞች የሕይወቴን አቅጣጫ ስለቀየሩ ለእናንተም ላስተዋውቃችሁ።

የመጀመሪያው በ1349 ያረፉት አል-ዑመሪ ናቸው። በመምሉኮች ዘመን የመንግሥት ጸሐፊ ነበሩ። ስለ ሐበሻ ሙስሊም መንግሥታት ሲጽፉ ወደ አገራችን አልመጡም። ከአገራችን ወደ ካይሮ የሄዱትን ዐብዱላህ አዝ-ዘይለዒ የተባሉ ፈቂህና ባልደረቦቻቸውን ጠየቁ። ኢፋት፣ ደዋሮ፣ አራባብኒ፣ ሐድያ፣ ሸርኻ፣ ባሊና ዳራ የተባሉት የሰባቱ መንግሥታት ዝርዝር የደረሰን በዚህ ሁኔታ ነው።

ሁለተኛው አል-መቅሪዚ ናቸው። በሐበሻ ስለነበሩ የሙስሊም ነገሥታት የጻፉትን አነስተኛ ኪታብ ያዘጋጁት በ839 ሂጅራ (1435/36) በመካ ሳሉ፣ ከዚያ ካገኟቸው የሐበሻ ሰዎች እየጠየቁ ነው።

ሦስተኛው ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ናቸው። በ1753 ካይሮ ቢወለዱም ሰባተኛ አያታቸው ከጀበርት አገር ወደ ግብፅ የገቡ ስደተኛ ነበሩ። ቤተሰባቸው ለትውልዶች የጀበርቲዎችን ሪዋቅ በኃላፊነት ሲመራ ኖሯል። ናፖሊዮን በ1798 ግብፅን ሲወርር አል-ጀበርቲ ያዩትንና የሰሙትን በየዕለቱ መዘገቡ። በኋላ የነገሠውን ሙሐመድ ዐሊንም ሳይፈሩ ተቹ። «ዐጃኢቡል አሳር» የተባለው ትልቁ መጽሐፋቸው ዛሬ የዚያን ዘመን ግብፅ ታሪክ የሚያጠና ሁሉ የሚመለከተው ነው።

ልብ በሉ! አል-ዑመሪና አል-መቅሪዚ ስለኛ የጻፉት ስደተኛ ወይም ሐጅ አድራጊ ስለመለሰላቸው ነው። አል-ጀበርቲ ደግሞ የስደተኛ ዘር ሆነው ለተቀበላቸው አገር ታሪክ ጸሐፊ ሆኑ። የነዚያ ሰዎች አፍ ባይከፈት ኖሮ ከታሪካችን ብዙው ክፍል ዛሬ በእጃችን አይገኝም ነበር።

መመለስ

በ2013 መጨረሻ የሳዑዲ መንግሥት ለሕገ ወጥ ነዋሪዎች የሰጠው የምሕረት ጊዜ አብቅቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ። እኔ የመኖሪያ ፈቃድ ነበረኝ፤ ነገር ግን ሐሳቤን ወስኜ ስለነበር በዚያው ሰሞን ጠቅልዬ ገባሁ። በቦሌ አየር ማረፊያ ያየሁት ከልቤ አይወጣም። ብርድ ልብስ ብቻ የያዘ አለ፤ ሕፃን ያዘለች አለች፤ ምንም ያልያዘ አለ። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡ ሠራተኞች ስም፣ ዕድሜና የትውልድ ወረዳ ይመዘግባሉ። ስሙ ተመዘገበ፤ ያየውንስ ማን ጠየቀው? ያ ሁሉ ሕዝብ በሁለት እግሩ የሚሄድ ታሪክ ነበር።

በአገር ቤት ያጠራቀምኩትን ገንዘብ አስመልክቶ ቤተሰብ ምክር ተቀመጠ። አይሱዙ ግዛ ያለ ነበር፤ ሱቅ ክፈት ያለም ነበር። ታሪክ ልማር ነው ስል አጎቴ፣ «ስምንት ዓመት ዐረብ አገር ተቀምጦ ጠመኔ ሊይዝ መጣ!» ብለው ከት ብለው ሳቁ። እናቴ ግን፣ «ልጄ፣ ያሰብከውን አላህ ኸይር ያድርገው። ብቻ የጀመርከውን ጨርስ» አሉኝ። ቀን ባጃጅ እየነዳሁ፣ ማታ በኤክስቴንሽን ተምሬ በታሪክ የመጀመሪያ ዲግሪ ያዝኩ። የመምህርነት ሙያ ሥልጠናውንም አከልኩበት። የመጀመሪያ ደመወዜ በጅዳ በሾፌርነት ከማገኘው እጅግ ያነሰ ነበር። ይህን የምጽፈው ለማማረር ሳይሆን መንገዱን ማወቅ ለሚፈልግ ወጣት እውነቱ እንዲደርሰው ነው።

በትምህርት ዘመኔ ካነበብኳቸው ሁሉ የረዳኝ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ምሁር የነበሩት፣ በ2009 ያረፉት ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ በ1800ዎቹ ስለነበረው የወሎ እስልምና የጻፉትና በ2001 የታተመው መጽሐፍ ነው። እሳቸውም ለከፍተኛ ትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር ሄደው ሲመለሱ ያጠኑት የቀያችንን መሻይኾችና ሐሪማዎች ነበር። ከካይሮ የጀመርኩት ንባብ ዞሮ ዞሮ ጃማ ንጉሥ አደረሰኝ።

ሦስት ባዶ መቀመጫዎች

ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ ላይ፣ ከ10ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ሦስቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀሩ። ሦስቱም በአፋር በረሃ ወደ ጂቡቲ፣ ከዚያም ወደ ኦቦክ ጉዞ ጀምረው ነበር። አንደኛው ከጂቡቲ ተመልሶ መቀመጫው ላይ ተቀመጠ። ሁለተኛው ከብዙ ወራት በኋላ ሳዑዲ መግባቱ ተሰማ። የሦስተኛው ወሬ የለም። እናቱ እስከ ዛሬ በመንገድ ሲያገኙኝ ያስቆሙኛል። «መምህር፣ አንተ አገሩን ታውቀዋለህ። እስቲ የሚጠየቅበት ቦታ ካለ ንገረኝ» ይሉኛል። የምችለውን ጠይቄላቸዋለሁ፤ ለሚያውቋቸው የጅዳና የሪያድ ሰዎችም ስሙን ልኬአለሁ። አላህ ያግናኛቸው።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አንድ ቀን ለብቻው መድቤ የማስተምረው ትምህርት አለ። በሰሌዳው ላይ ቀይ ባሕርን እስላለሁ። ከሹዐይባ ወደኛ የሚመጣ ቀስት አደርግና 615 ብዬ እጽፍበታለሁ። ከኦቦክ በባበል መንደብ በኩል ወደ የመን የሚሻገር ሌላ ቀስት አደርግና የዘንድሮውን ዓመት እጽፍበታለሁ። የባሕሩ ወሽመጥ ስፋት 30 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን፣ የየመን ጦርነት መንገዱን ምን እንዳደረገው፣ በሕጋዊ ውል መሄድና በደላላ መሄድ ምን ልዩነት እንዳላቸው አስረዳለሁ። አትሂዱ ብዬ አልሰብክም፤ የዐረብ አገር እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝና። አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ ታሪክ ማወቅ እዚያ ደመወዝ ይጨምራል?» ሲለኝ፣ «አይጨምርም። ግን ሰው ማን ነህ ሲልህ አንገትህን አያስደፋህም። በማያውቀው መንገድ የሚነዳህን ሰውም እንድትጠይቀው ያስለምድሃል» ብዬዋለሁ።

የቤት ሥራውም ከዚሁ ይነሣል። እያንዳንዱ ተማሪ ከቤተሰቡ አንድ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ይጠይቅና የአንድ ጉዞ ታሪክ ይጽፋል፤ ማን እንደተናገረው፣ መቼና የት እንደሆነ ጭምር። የሚመጣው ያስደንቃል። በእግር እስከ ምጽዋ ተጉዘው በመርከብ ሐጅ ያደረጉ አያት ይገኛሉ። በ1984/85ቱ ረሃብ ጊዜ ከወሎ ወደ ወለጋ ለሠፈራ ተወስደው በእግራቸው የተመለሱ አሉ። በ1878 ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ሃይማኖታቸውን ለማዳን አገር ጥለው ስለወጡ ዑለማዎች ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ ወሬ አለ። አንዲት ተማሪ ደግሞ ሳጥን ውስጥ የኖረ ወረቀት ይዛ መጣች። ፊደሉ ዐረብኛ ነው፤ ቋንቋው ግን አማርኛ። ዐጀሚ ነው። አብረን ቁጭ ብለን ስናነበው የአያቷ አባት የጻፉት የመንዙማ ስንኝ ሆኖ ተገኘ። ጅዳ የመጋዘን ደረሰኝ ላይ የተማርኩት ዐረብኛ እዚህ ጠቀመኝ።

ለወላጆችና ለወጣቶች

ቁርአን ምእመናን በምድር ላይ እየተጓዙ ያለፉትን ሕዝቦች ሁኔታ እንዲያስተውሉ ደጋግሞ ያሳስባል። እንግዲህ መጓዝ ብቻውን አይበቃም፤ ማስተዋሉም ይፈለጋል። በውጭ አገር ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የምትሠሩበት ከተማ የናንተንም ታሪክ ይዞ ሊሆን ይችላልና በዕረፍታችሁ ቀን ጠይቁ፤ ያገኛችሁትንም ጻፉ። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ስለ አያቱ ሲጠይቃችሁ ሥራ አለብኝ ብላችሁ አትመልሱት። በሳጥን ውስጥ ያለውን አሮጌ ወረቀትም ምን እንደሚል ሳታስነብቡ አታቃጥሉት። ታሪክ ወይም መምህርነት ማጥናት የምትፈልጉ ወጣቶችም፣ ደመወዙ ትንሽ መሆኑን አውቃችሁ ግቡ። ሥራው ግን ትንሽ አይደለም።

የዘንድሮ ተማሪዎቼ የጻፉት 42 ታሪክ ነው። በአንድ ላይ አስጠርዤ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አስቀምጬዋለሁ። ወሬው የጠፋው ልጅ ከመሄዱ በፊት ስለ አያቱ የጻፋት ሁለት ገጽም ከእነሱ ጋር ተጠርዛለች። እናቱ ማንበብ ስለማይችሉ ታናሽ እኅቱ ጁምዓ ጁምዓ እየመጣች ቀድታ ወስዳ ታነብላቸዋለች።